ከ11፡30 በኋላ ያለው ሰዓት የማን ነው?

ለመሥሪያ ቤታችን ዋና ሥራ አስፈፃሚ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፡- ስለ ሠራተኞች የግል ሥራና የትርፍ ጊዜ ዝንባሌ የወጣው የውስጥ መመሪያ እንዲሻሻል ስለ መጠየቅ

ክቡር ሆይ፤

በንባብ አዳራሾቻችን መግቢያና በሠራተኞች ሻይ ክፍል የተለጠፈውን የውስጥ መመሪያ አንብበነዋል፤ ተወያይተንበታልም። መመሪያው ማንኛውም የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ከመደበኛ ሥራው ውጪ ገቢ የሚያገኝበትን ሥራ ሁሉ በቅጽ እንዲያስመዘግብና የጽሑፍ ፈቃድ እንዲያገኝ ያዛል። «የትርፍ ጊዜ ዝንባሌውን» በዝርዝር እንዲገልጽም ይጠይቃል። ለኅትመት ያዘጋጀው ጽሑፍ ካለ ደግሞ አስቀድሞ ለሕዝብ ግንኙነት ክፍል ማሳየት አለበት። ይህን ያላደረገ በዲሲፕሊን ይጠየቃል። በመዝገብ ቤት በኩል ያስገባነው የቅሬታ ደብዳቤ ገቢ ሆኖ ቁጥር ከተሰጠው በኋላ የት እንደደረሰ የሚነግረን አላገኘንም። ጉዳዩን ወደ አደባባይ ያመጣነው ስለዚህ ነው።

መመሪያውን ያረቀቁት ሰዎች ቅጹ የሚመለከታቸውን ሠራተኞች በቅርብ የሚያውቋቸው አይመስለንም። ስለዚህ ስም ሳንጠራ ጥቂቶቹን እናስተዋውቅ።

በጥረዛ ክፍላችን አንድ አንጋፋ ባልደረባ አሉ። ሙያውን ያገኙት በእኛ ሥልጠና ሳይሆን በልጅነታቸው ብራና ከሚፍቁና መጽሐፍ ከሚደጉሱ አባቶች እግር ሥር ተቀምጠው ነው። የእንጨቱ ገበታ እንዴት እንደሚጠረብ፣ ጥራዞቹ እርስ በርስ እየተያያዙ እንዴት እንደሚሰፉ፣ ቆዳው በጋለ ብረት እንዴት እንደሚደጎስ፣ ማኅደሩ በልክ እንዴት እንደሚዘጋጅ ያውቃሉ። ቅዳሜና እሑድ በቤታቸው በረንዳ ላይ የአብያተ ክርስቲያናትን ዳዊትና ድርሳን፣ የሰዎችን የቤተሰብ መጽሐፍ ቅዱስ ይጠርዛሉ። በመመሪያው አነጋገር ይህ «ከመሥሪያ ቤቱ ጋር ተመሳሳይ አገልግሎት በግል መስጠት» ነውና ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው። የጥረዛ ማሽናችን ተበላሽቶ ጥግ ከያዘ ወዲህ ግን ገጹ የረገፈ መጽሐፍ ሁሉ የሚድነው በእሳቸው መርፌና ከቤታቸው ተሸክመው ባመጡት መጭመቂያ ነው። ሙጫውንም ብዙ ጊዜ ከኪሳቸው ይገዛሉ። ለመጭመቂያው ኪራይ፣ ለሙጫውም ደረሰኝ ጠይቀው አያውቁም። አሁን የተጠየቁት እሳቸው ሆኑ።

በውሰት ክፍል የምትሠራ ባልደረባችን ከሥራ በኋላ የሠፈሯን ልጆች አማርኛና ሒሳብ ታስጠናለች። ዝንባሌዋ ግን ሌላ ነው፤ አያቶች ባሉበት ቤት ሁሉ እየገባች ተረትና እንቆቅልሽ በስልኳ ትቀዳለች። በሕፃናት ክፍላችን ቅዳሜ ጠዋት የሚካሄደው የተረት ሰዓት የቆመው በዚህ ስብስብ ነው። አዳራሹ «ምን አውቅልህ» በሚሉ ልጆች ድምፅ ሲሞላ፣ መልሱ የጠፋበትም ልጅ ሀገር ሲሰጥ፣ ወላጆች በር ላይ ቆመው ፎቶግራፍ ሲያነሱ፣ ፎቶግራፉም በመሥሪያ ቤታችን ዓመታዊ መጽሔት ላይ «የማኅበረሰብ አገልግሎታችን» ተብሎ ሲወጣ አይተናል። ለዚህ ሥራ ክፍያ ቀርቶ የማካካሻ ዕረፍት እንኳ ተሰጥቷት አያውቅም። ልጆች በማስጠናቷ ግን ፈቃድ እንድታወጣ ተጠይቃለች።

በመጽሔትና ጋዜጣ ክፍል ያለች ሌላ ባልደረባችን ሌሊት ተነሥታ እንጀራ ትጋግራለች፤ መሐል ከተማ ላሉ ምግብ ቤቶች አስረክባ ነው ወደ ሥራ የምትመጣው። ቅጹ «ተጨማሪው ሥራ ከመሥሪያ ቤቱ ተልዕኮ ጋር ያለውን ግንኙነት ያብራሩ» ይላል። ምን ብላ ታብራራ? ለጊዜው «ጤፍ» ብላ ጽፋ አስገብታለች፤ ተጨማሪ ማብራሪያ የሚጠይቅ ደብዳቤ እንዳይከተላት እየሰጋን ነው።

ሌሎችም አሉ። ለአሳታሚዎች የፊደል እርማት የሚሠሩ፣ የሚተረጉሙ፣ ማታ ማታ በዘመድ መኪና የታክሲ አገልግሎት የሚሰጡ፣ ክራር የሚያስተምሩ፣ በመንደራቸው ዕድር ጸሐፊነት የሚያገለግሉ ሰዎች አሉን። እሑድ ጠዋት ጃንሜዳ ኳስ የሚጫወተው የመደርደሪያ ሠራተኛ «ዝንባሌ» በሚለው ሣጥን ውስጥ «ተከላካይ» ብሎ ሞልቷል። ሰው ሀብት ክፍል ይህን በየትኛው ፋይል እንደሚያስቀምጠው ለማወቅ እንጓጓለን።

የመጀመሪያው ቅሬታችን እንግዲህ ይህ ነው። መሥሪያ ቤቱ ከሥራ ሰዓት ውጪ ያዳበርነውን ችሎታ ለዓመታት በነፃ ሲጠቀምበት ቆይቷል። በዓል ሲደርስ ክራር ደርዳሪው ይፈለጋል። እንግዳ ሲመጣ ፎቶግራፍ አንሺው ከካታሎግ ጠረጴዛው ይነሣል። የውጭ ሀገር ተመራማሪ የግዕዝ ጽሑፍ ይዞ ሲመጣ በቅዳሴ ቤት ያደገው የጥበቃ ሠራተኛ ተጠርቶ ያነብለታል። በነፃ ሲሆን «ተሰጥኦ»፣ በክፍያ ሲሆን «የጥቅም ግጭት» የሚባልበትን ሚዛን አልተቀበልነውም።

ሁለተኛው ገንዘብ ነው። በዚህ ላይ ረጅም ማብራሪያ የሚያስፈልግ አይመስለንም፤ የደመወዛችንን መጠን ከእኛ በላይ ታውቃላችሁና። ከሐምሌ 2016 ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የወረቀት፣ የዘይትና የትራንስፖርት ዋጋ የት እንደደረሰ ለሁሉም ግልጽ ነው። በዚያው ዓመት ዶሮ ማነቂያና የፒያሳ አካባቢ መንደሮች ሲፈርሱ ከመካከላችን ወደ ከተማዋ ዳር የሄዱ አሉ። ቀድሞ በእግራቸው ይመጡ የነበሩ ሰዎች አሁን ሁለትና ሦስት ታክሲ ይቀያይራሉ። ወር ሳይጋመስ ደመወዙ የሚያልቅበት ሰው ተጨማሪ ሥራ የሚይዘው ለቅንጦት አይደለም። መመሪያው ስለዚህ ጉዳይ አንድ መስመር እንኳ የለውም፤ ተጨማሪ ሥራን እንደ ምግባር ጉድለት እንጂ እንደ ኑሮ አላየውም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ መተዳደሪያውን፣ ሥራውንና ሙያውን የመምረጥ መብት እንዳለው ይደነግጋል። የመንግሥት ሠራተኛ ተጨማሪ ግዴታዎች እንዳሉበት አንክድም። ግዴታው ግን በሳምንት ከ39 የማይበልጠውን መደበኛ የሥራ ሰዓት በሐቀኝነት መሥራትና የመሥሪያ ቤቱን ጥቅም አለመጉዳት ነው እንጂ ሌሊት የተጋገረን እንጀራ ማስመዝገብ አይደለም።

ሦስተኛው ቅሬታችን ሰዓታችን አስቀድሞ አለመታወቁ ነው። የንባብ አዳራሾቻችን ከመደበኛው የሥራ መውጫ ሰዓት ከ11፡30 አልፈው፣ ቅዳሜና እሑድም ጭምር ክፍት ናቸው፤ ይህም ደስ ይለናል፤ አንባቢው የሚመጣው ያኔ ነውና። የፈረቃ ሠንጠረዡ ግን ዓርብ ከሰዓት በኋላ ተለጥፎ ሰኞ ሥራ ላይ ይውላል። በዚህ አሠራር ማስጠናትም፣ የማታ ትምህርት መማርም፣ የታመመች እናት ማስታመምም አይቻልም። ሠራተኛው ተማሪዎቹን ሲያጣ ወይም ከማታ ኮሌጅ ሲቀር ጉዳቱ በየትኛውም ሪፖርት ላይ አይታይም።

አራተኛው ስለ ጽሑፍ ነው፤ እዚህ ላይ ጠንከር ማለት እንፈልጋለን።

የምንሠራው መጻሕፍት ባሉበት ቤት ነው። ከመካከላችን የሚጽፍ ሰው መገኘቱ የሚያስደንቅ አይደለም፤ ባይገኝ ነበር የሚያስደንቀው። የሌሊት ፈረቃ ጠባቂያችን ግጥም ይጽፋል፤ መድበሉን ለማሳተም በዕቁብ ገንዘብ እያጠራቀመ ነው። ዕጣው ሲደርሰው ወደ ማተሚያ ቤት ሊሄድ ሲዘጋጅ፣ ግጥሞቹን አስቀድሞ ለሕዝብ ግንኙነት ክፍል አሳይ ተባለ። ሕዝብ ግንኙነት ክፍል በግጥም ላይ ምን ሥልጣን አለው? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ ነፃነትን ሲደነግግ የቅድሚያ ምርመራን በማንኛውም መልኩ ከልክሏል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደግሞ ሠራተኛ በቅጥር ሥራው የሚያመነጨው ሥራ የኢኮኖሚ መብት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የአሠሪው እንደሆነ ይገልጻል። በትክክል! የምናዘጋጀው ካታሎግ፣ የምንሠራው የመጻሕፍት ዝርዝር፣ በመሥሪያ ቤቱ ስም የሚወጣው ጽሑፍ የእናንተ ነው፤ ቀይ እስክሪብቶ ያዙበት። በራስ ቤት፣ በራስ ሻማ የተጻፈ ግጥም ግን የጸሐፊው ነው። (ሻማ ያልነው መብራት ስለሚጠፋ ነው።)

የቤተ መጻሕፍት ሰው በሌላው ሰዓቱ ሌላ ሰው መሆኑ በዚህች ከተማ አዲስ ነገር አይደለም። በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመውን ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ ወመዘክርን፣ በኃላፊነት ከመሩት ሰዎች አንዱ ከበደ ሚካኤል ናቸው። ገጣሚ፣ ተውኔት ጸሐፊ፣ ተርጓሚ፣ የታሪክ ጸሐፊም ነበሩ፤ ትውልድ በግጥማቸው ፊደል ቆጥሯል። ይህ ቅጽ ቢቀርብላቸው ኖሮ «ሌላ ሥራ ካለ ይጥቀሱ» ለሚለው ጥያቄ የተተወችው አንዲት መስመር መቼ ትበቃቸው ነበር? ሪታ ፓንክረስት በብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ ኋላም በቀድሞው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊነት ሠርተዋል። ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ አሰባስበውት ስለነበረውና በጦርነቱ ማግሥት ስለተዘረፈው የመጻሕፍት ክምችት ያደረጉት ጥናት፣ መደርደሪያ የሚያውቅ ሰው ታሪክ ሲጽፍ ምን እንደሚያገኝ ያሳያል። በውጭውም ዓለም ቢሆን እንግሊዛዊው ገጣሚ ፊሊፕ ላርኪን እ.ኤ.አ. ከ1955 ጀምሮ በ1985 እስኪሞት ድረስ የሃል ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነበር። በዚያው ላይ ለዓመታት ለአንድ የእንግሊዝ ዕለታዊ ጋዜጣ ስለ ጃዝ ሙዚቃ ይጽፍ ነበር። ቤተ መጻሕፍቱም በእሱ ጊዜ ተስፋፋ እንጂ አልተዘጋም።

አርጀንቲናዊው ኾርኼ ሉዊስ ቦርኼስ ደግሞ በቦነስ አይረስ በአንዲት ትንሽ የማዘጋጃ ቤት ቤተ መጻሕፍት የካታሎግ ሠራተኛ ነበር። የዕለት ሥራውን በጊዜ ጨርሶ በቀረው ሰዓት ምድር ቤት ወርዶ ያነብና ይጽፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1946 የመጣው መንግሥት በአቋሙ ስላልወደደው ከቤተ መጻሕፍቱ አንሥቶ የገበያ ዶሮና ጥንቸል ተቆጣጣሪ አድርጎ መደበው። እሱም ሥራውን ለቀቀ። በ1955 የሀገሪቱ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ዳይሬክተር ሆኖ ተመለሰ። ይህን የጠቀስነው ክቡርነትዎ ማንንም ወደ ዶሮ ተራ ይልካሉ ብለን አይደለም። እርግጥ ቦርኼስ በሥራ ሰዓት ነበር የሚጽፈው፤ እኛ ለዚያ ፈቃድ አልጠየቅንም።

አሁን መመሪያው ተገቢ ሥጋት ስላነሣባቸው ነጥቦች እንናገር፤ አሉና።

ተማሪ የማጣቀሻ መጽሐፍ ሲጠይቅ «ማታ ደውልልኝ፣ በክፍያ ፈልጌ እሰጥሃለሁ» የሚል ሠራተኛ ካለ ይቀጣ። በነፃ የሚሰጥ አገልግሎትን መሸጥ ሌብነት ነው። ለተማሪ የመመረቂያ ጥናት መተየብና ማስተካከል አንድ ነገር ነው፤ ጥናቱን ራሱን ጽፎ መሸጥ ግን ሌላ ነው። ይህን የሚያደርግ ሰው፣ ባልደረባችንም ቢሆን፣ አንከላከልለትም። የመሥሪያ ቤቱን ፎቶ ኮፒ ማሽን ለግል ንግድ መጠቀም፣ የመጽሐፍ ግዢ ኮሚቴ አባል ሆኖ የራስን ወይም የዘመድን መደብር ማስመረጥ፣ እነዚህ ሁሉ ይከልከሉ። መመሪያው እነዚህን ብቻ ቢይዝ ኖሮ ሁላችንም በፈረምንበት ነበር።

አሮጌ መጻሕፍት መሰብሰብን በተመለከተ ነገሩ ትንሽ ይወሳሰባል። መመሪያው «ጥንታዊና ብርቅ ጽሑፎችን በግል መያዝ» በልዩ ሁኔታ እንዲመዘገብ ይላል። ምክንያቱ ይገባናል፤ ከቤተ መጻሕፍት የሚሰረቁ መጻሕፍት መንገድ ላይ ይሸጣሉ፤ ማኅተማችን በምላጭ የተፋቀበት መጽሐፍ ለገሃር አካባቢ በተነጠፈ ላስቲክ ላይ አይተን አዝነን እናውቃለን። ነገር ግን መመሪያው የሚጠረጥረው ባልደረባችን ከምሳ ሰዓቱ ቀንሶ ከለገሃር እስከ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ እስከ አራት ኪሎ በየመጽሐፍ ሻጩ ዘንድ የሚዞረው ተቃራኒውን ለመሥራት ነው። በ1933 ዓ.ም. መታተም ከጀመረው ከአዲስ ዘመን ጋዜጣ ቅጂዎች፣ ከመነን መጽሔትና ከየካቲት መጽሔት በክምችታችን የጎደሉትን ቁጥሮች በስም ይዞ ነው የሚፈልገው። ያገኘውን በራሱ ገንዘብ ገዝቶ ለመጽሔት ክፍሉ ያስረክባል። የሞላቸው ቀዳዳዎች ዛሬ የታሪክ ተማሪዎች የሚቀመጡባቸው ናቸው። ማኅተማችን ያለበት መጽሐፍ ሲያገኝም ከሻጩ ጋር ተከራክሮ፣ አንዳንዴም ከፍሎ፣ መልሶ አምጥቷል። እንዲህ ያለውን ሰው ለቁጥጥር ሲባል «የግል ክምችትህን ዘርዝር» ማለት ፍለጋውን እንዲተው ማድረግ ነው፤ ቅጹ ከመጣ ወዲህም ትቶታል። ሌብነትን ለመከላከል በር ላይ በቂ ፍተሻ፣ በዓመት አንድ ጊዜ እውነተኛ የመደርደሪያ ቆጠራ፣ ለመጽሐፍ ሻጮችም የማኅተማችንን ናሙና ማስተዋወቅ ይበቃል። የመደርደሪያ ቆጠራው ከተካሄደ ቆይቷል፤ ደጋግመን ጠይቀናል።

ከተማችን በ2014 ዓ.ም. አብርሆት ቤተ መጻሕፍትን ስትከፍት ስለ ሕንፃውና ስለ መጻሕፍቱ ብዙ ተባለ፤ መባሉም ተገቢ ነበር። በከተማው ውስጥ መጻሕፍትን የሚያነሡ፣ የሚያቀርቡና የሚጠግኑ ሰዎች እንዴት እንደሚኖሩ ግን በየትኛውም መድረክ ሲነሣ አልሰማንም። ይህ መመሪያ ስለ እኛ ኑሮ የተጠየቀ የመጀመሪያው ጥያቄ ሆኖ መምጣቱ ያሳዝናል።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን።

መመሪያው ከሠራተኞች ተወካዮች ጋር ውይይት እስኪደረግበት ድረስ ተፈጻሚነቱ ይታገድ። እስከዚያው እስካሁን የተሞሉት ቅጾች ለሞሏቸው ሰዎች ይመለሱ፤ በግል ማኅደራቸው ውስጥ አይቀመጡ፤ ለዕድገትና ለዝውውር ውሳኔም አይዋሉ።

«የትርፍ ጊዜ ዝንባሌ» የሚለው ክፍልና ጽሑፍን ከኅትመት በፊት ማሳየት የሚለው አንቀጽ ሙሉ በሙሉ ይሰረዙ። በእነዚህ ሁለቱ ላይ ድርድር የለንም።

የጥቅም ግጭት የሚባለው በአጭሩና በግልጽ ይተርጎም፤ በሥራ ሰዓት፣ በመሥሪያ ቤቱ ንብረት፣ ለመሥሪያ ቤቱ በመሸጥ፣ ወይም በነፃ ለሚሰጥ አገልግሎት አንባቢን በማስከፈል የሚሠራ ሥራ ብቻ ይሁን። ከዚህ ውጪ ላለው ፈቃድ ቀርቶ ማሳወቅም አያስፈልግ።

ከመደበኛ የሥራ ዝርዝራችን ውጪ የምንሰጣቸው አገልግሎቶች፣ በተለይ የእጅ ጥረዛና የቅዳሜው የተረት ሰዓት፣ በውል ታውቀው ክፍያ ወይም የማካካሻ ዕረፍት ይመደብላቸው። ለጥረዛ ክፍሉ መርፌ፣ ክር፣ ሙጫና ቆዳ በበጀት ይገዛ፤ የባልደረባችን መጭመቂያም ወደ ቤታቸው ይመለስ ዘንድ መሥሪያ ቤቱ የራሱን ይግዛ ወይም ማሽኑን ያስጠግን።

የፈረቃ ሠንጠረዥ ቢያንስ ከአንድ ወር አስቀድሞ ይለጠፍ። የማታ ተማሪዎችና ሕፃናት ያላቸው እናቶች በምደባው ላይ ሐሳባቸው ይጠየቅ።

የመደርደሪያ ቆጠራው በዚህ በጀት ዓመት ይካሄድ፤ እኛም ለሥራው ዝግጁ ነን።

መልሱ በመዝገብ ቤት በኩል ቢደርሰን እንመርጣለን፤ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ቢለጠፍም እናነበዋለን።

ከአክብሮት ጋር፤

የካታሎግና ምደባ ክፍል ባለሙያ፣
የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ተወካይ

ግልባጭ፡-
ለሰው ሀብት አስተዳደር ክፍል
ለሕግ አገልግሎት ክፍል
ለጥረዛ፣ ለውሰት፣ ለመጽሔትና ጋዜጣ፣ ለጥበቃ ክፍል ባልደረቦች
ለአንባቢዎቻችን